ከግራጫው ሥዕል ጀርባ

እኔ ፍሬም ሠሪ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሰው ሥዕል ስወጥር፣ በእንጨት ሳቅፍ፣ ጀርባውን በካኪ ወረቀት ሳሽግ ኖሬአለሁ። በዚህ ሥራ ጥርሴን ነቅዬበታለሁ ብል ማንም አይፈርድብኝም። ስለ ሥዕል ግን አላውቅም። ሥዕል ሲመጣልኝ የማየው ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን፣ ሸራው አለመላላቱን፣ እንጨቱ አለመጣመሙን ነው፤ ፊቱን ለሠሪውና ለገዢው ትቼ ኖሬአለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ ኋላ ለሚመጣው ነገር ሰበብ እንዲሆነኝ ብዬ አይደለም። ሰበብ ቢኖረኝማ ይህን ለመጻፍ ወንበር ስቤ አልቀመጥም ነበር።

የማወራችሁ ስለ አንዲት ሴት ነው። ሰፈርተኛው በሌሉበት “ባለ ግድግዳዋ” ይላቸዋል፤ እኔ ባሉበትም በሌሉበትም እትዬ ነበር የምላቸው። ባለቤታቸው የሕንፃ ተቋራጭ ነበሩ፤ መሀል ከተማ ቀና ብላችሁ ከምታዩት ፎቅ ግማሹ የእሳቸው እጅ አለበት። እትዬ ደግሞ ግብዣ አዋቂ ናቸው። የባንክ ሥራ አስኪያጁ፣ ጠበቃው፣ የጥርስ ሐኪሙና ሚስቱ፣ ሁሉም ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳ እሳቸው ዘንድ ነው የሚውሉት። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳይጠራ ሁለት ቅዳሜ ያለፈው ሰው ምን አጥፍቼ ይሆን እያለ እንቅልፍ ያጣል ይባል ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ላይ እትዬ ቤታቸውን ገለበጡት። በወርቅ ቀለም የተነከረው ትልቁ መስታወት ወረደ፣ የግድግዳው ሰዓት ወረደ፣ የሠርጋቸው ፎቶ ሳይቀር ወረደ። ሰፈሩ “ሰውዬው ከሰሩ፣ ዕቃ እየተሸጠ ነው” ብሎ አወራ። በሳምንቱ ባዶው ግድግዳ ላይ ማንም ፊትና ኋላውን የማይለየው ሥዕል ይሰቀል ጀመር። አንደኛው ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኖ መሀሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ብቻ ናት፤ ለዚያች ነጥብ ፍሬም ስሠራ አራት ቀን ፈጀብኝ። ሌላው የተቀደደ ጆንያ ሸራ ላይ የተለጠፈበት ነው። ባለቤቴ ሱቄ መጥታ አይታው ኖሮ ልታጥበው ይዛው ስትወጣ ለጥቂት ነው የደረስኩባት።

እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ እስኪገቡ ይችሉትና እዚያ ይፈርሳሉ። “የኔ ልጅ በሦስት ዓመቷ ከዚህ የተሻለ ትሞነጭራለች” ይላል አንዱ፤ የተቋራጩ ሾፌር ነው የነገረኝ። ጠረጴዛው ላይ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። አንድ ቅዳሜ የባንክ ሥራ አስኪያጁ አፉ አመለጠውና “ይሄኛው ተዘቅዝቆ የተሰቀለ እንዳይሆን” ብሎ ሳቀ። እትዬ ሹካቸውን አስቀመጡ። ወደ ሠራተኛዋ ዞረው “የጌታዬን ኮት አምጪላቸው” አሏት። ሰውዬው አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ ነው የወጣው። ከተማው ይህን ሰምቶ “ጥጋብ ነው” አለ። እኔም ጥጋብ መስሎኝ ነበር።

ሱቄ መምጣት ሲጀምሩ ግን አንድ ነገር ገረመኝ። ሰው ሥዕል ሲያነሣ ፊቱን ነው የሚያየው። እትዬ መጀመሪያ ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ከላይ ከግራው ጥግ ጀምረው፣ ሸራውን በጣታቸው እየተከተሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። አንዳንዴ ፊቱን ጨርሶ ሳያዩት “ይቅርብኝ” ይላሉ። ጀርባ የሚያይ ደንበኛ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ሥራ ያለው እዚያ ነው፤ በልክ የተመታ ምስማር፣ ሳይጨማደድ የተለጠፈ ወረቀት የሚያይልን የለም። “እኚህ ሴትዮ ነገር ያውቃሉ” ብዬ ለባለቤቴ አወራሁላት። “አንተን ያመሰገነ ሁሉ ነገር አዋቂ ነው” አለችኝ።

በዚያን ጊዜ ሱቄን ቤቱ ያደረገ አንድ ሠዓሊ ነበር። ከግራጫ በቀር ሌላ ቀለም አይነካም፤ ስለዚህ ሁላችንም ግራጫው እንለዋለን፣ እሱም ደስ ይለዋል። ሸራ የሚገዛው ከእኔ ነው። አፈ ሰፊ ነው፤ አንድ ነገር ቅር ካለው የከተማው ሠዓሊ በሙሉ በሁለት ቀን ይሰማል። አንድ ረፋድ እሱ የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ ተቀምጦ ሲጋራውን ሲያቦን እትዬ ገቡ።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ” አሉኝ ጓንታቸውን እያወለቁ። “አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሠዓሊ። ከዳቦ ቤቱ ኋላ ተከራይታ ትኖር ነበር። ሥዕሏ ፊት ላይ ምንም አትጽፍም። ጀርባው ላይ ነው በእርሳስ የምትጽፈው፤ ከላይ፣ በግራ ጥግ። ስሟን አይደለም፤ የሆነ ነገር፣ አንድ መስመር ብትሆን ነው። ልጅቷ ሞታለች። የሠራችው ግን አንድም አልተገኘም። አንተ እጅ ገብቶ ያውቃል?”

ገብቶ ያውቃል። እንዴት እንደገባ ልንገራችሁ።

ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ ከዳቦ ቤቱ ኋላ ቤት የምታከራይ አንዲት ሴት ስድስት ሸራ ተሸክማ መጥታ ነበር። “ተከራዬ ልጅ ነበረች። ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ገባች፣ በዚያው ቀረች። የሚጠይቃት ዘመድም አልመጣ። ጨርቁ ለምን ይጣል ብዬ ነው” አለችኝ። ሸራው ጥሩ ሸራ ነበር፤ ወሰድኩላት። አምስቱን ቆራርጬ ለሥዕል ተማሪዎች ትንንሽ አደረግኳቸው። ስድስተኛው ትልቅ ነው፤ ጫማ ጫማ ነገር የተሳለበት። እሱን ሥዕሉን ወደ ውስጥ፣ ያልተቀባውን ጀርባ ወደ ውጭ አድርጌ እንደገና ወጠርኩት። ጥጉ ላይ የእርሳስ ጽሑፍ ነበረበት። ሙጫ አጠጣሁት፣ በላዩ ሁለት እጅ ነጭ ቀባሁበት። ከኋላ የድሮው ሥዕል እንዳይታይ ደግሞ በካኪ ወረቀት አሸግኩት። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ አዲስ ሸራ ነው ብዬ ለግራጫው ሸጥኩት።

እና አሁን ግራጫው ሣጥኔ ላይ ተቀምጦ ጆሮውን አቁሟል። “አዎ እትዬ” ብል አሮጌ ሸራ እያደስኩ እንደምሸጥ እዚያው ሊሰማ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሱቄን ልዘጋ ነው።

“የለም እትዬ፣ አላየሁም” አልኩ።

ሦስት ቃል ናት። እሳቸውም ጓንታቸውን መልሰው እያጠለቁ “እንግዲያው አደራህን፣ ከአሁን በኋላ የትኛውንም ሥዕል ከማሸግህ በፊት ጀርባውን እይልኝ። የእርሳስ ጽሑፍ ካየህ ጥራኝ” አሉ። “እሺ እትዬ” አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ነገር የምታዞር ሴት አይደለችም። “ነገ ሂድና ንገራቸው። ግራጫው በሌለበት ንገራቸው፤ ምን ችግር አለው?” አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ምንም ችግር አልነበረውም። በማግስቱ ግን ሥራ በዛብኝ። በሳልስቱ ደግሞ ትናንት ለምን አልነገርከኝም ቢሉኝስ አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ወር ሆነው።

በስድስተኛው ወር ግራጫው ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ያ ትልቅ ሸራ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆኖ መሀል ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እትዬ ብቻቸውን መጥተው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ተጠግቼ “እትዬ፣ ከዚህ ሁሉ ደህና ሆኖ የተሠራው ያ ነው” አልኳቸው። ይግዙት ብዬ ነው። ቢያንስ ቤታቸው ይግባ፣ መንገድ ላይ ከሚቀር እንደ መለስኩላቸው ይቆጠርልኛል ብዬ ነው። ፈሪ ሰው እንዲህ ነው ሒሳቡን የሚያወራርደው።

እንደ ልማዳቸው ሊገለብጡት ከፍሬሙ ጀርባ እጃቸውን ሰደዱ። የካኪ ወረቀቱ ጣታቸውን ነካው።

“ያንተ እጅ ነው?” አሉኝ።

“የእኔ ነው።”

“በቃ፣ አይተኸዋል” አሉና እጃቸውን መለሱ።

ቤታቸው ሄጄ የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። ከመመገቢያው ክፍል ትልቁ ግድግዳ ላይ፣ ከጠረጴዛው ራስ፣ እሳቸው ከሚቀመጡበት በላይ። መሰላሉ ላይ ሆኜ ውሃ ልኩን እያየሁ ሳለ እትዬ ከሥር ቆመው ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

“ያቺ የጠየቅኩህ ልጅ የእኔ ናት” አሉ። “ሌላ ልጅ የለኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ምሳ ላይ፣ የሠራችውን ይዛ እዚህ ገባች። ደስ ብሏታል። አንዱ እንግዳ ‘ይሄ ምንድን ነው፣ አህያ ነው ወንበር?’ አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ እንግዶቼ እንዳያፍሩ ብዬ። በማግስቱ አንድ ሻንጣ ይዛ ወጣች። ሰባት ዓመት ተመለሺ እያልኩ ሰው ላክሁባት እንጂ ራሴ አልሄድኩም። ኩራት ነዋ። መጨረሻ ላይ ስሄድ ክፍሉ ተጠርጎ ጠበቀኝ። አከራይዋ ጣልኩት አለችኝ። ዓይኗ ግን ይሸሸኝ ነበር። ሰው እጅ ነው ያለው፤ አውቃለሁ።”

የልጃቸው ሥዕል ከፊቴ አንድ ክንድ አይርቅም። እጄ ላይ መዶሻ አለ። “እግዜር ያጽናዎት” አልኩና ሁለተኛውን ምስማር መታሁ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ግድግዳ ሥር ተበላ፣ ተጠጣ። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ግራጫው ሥዕል ነፍሷን እንደሚያሳርፍላት ስትናገር ሰምቻለሁ፤ ከአንገት በላይ ይሁን ከልቧ አላውቅም። ሠዓሊው ግራጫውም ስሙ ገነነ፣ ባሕር ተሻገረ። እትዬ ሥዕል መግዛቱን አልተዉም፤ ጀርባ ማየቱንም አልተዉም። እያንዳንዱን ሲገለብጡ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ማዶ ሆኜ አያቸዋለሁ። ጣታቸው ከግራው ጥግ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ይመለሳል። ስለዚህች ሴት ጥጋበኛ ናት የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር እሟገት ጀመር፤ ባለቤቴ ግን “የምትሟገተው ሌላ ነገር ስለማትችል ነው” ትለኛለች። አንጀቴን ነበር የምታገኘው።

ከዚያ ተቋራጩ ሞቱ። የቅዳሜው ምሳ ቀስ በቀስ ሳሳ፤ መጀመሪያ ጠበቃው፣ ቀጥሎ ሐኪሙና ሚስቱ ቀሩ። እትዬ ልባቸውን ታመሙ፤ ደረጃ መውጣት ተከለከሉ። ትልቁን ቤት ሸጠው ወደ ሁለት ክፍል ቤት ሊገቡ ሆነ። ሥዕሎቹን ለአንድ የሥዕል ትምህርት ቤት ሰጡ፤ ግራጫው ሥዕል ግን ከሩቅ አገር ገዢ መጥቶለት ተሸጠ። “መጥተህ አውርድና አሽግልኝ፣ ሐሙስ በአውሮፕላን ይሄዳል” ብለው ላኩብኝ።

መልእክቱን ባለቤቴ ነች የተቀበለችው። ኮቴን ስለብስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። “ሥዕሉ ከሄደ ሄደ ነው። ዛሬ ሳትነግራቸው ብትመለስ እዚህ ቤት አትግባ። የምቀልድ እንዳይመስልህ” አለችኝ። አልቀለደችም።

የመመገቢያው ክፍል ባዶውን ነበር። ጠረጴዛው ተወስዷል፤ ምንጣፉ ላይ የእግሮቹ ጉድጓድ ቀርቷል። እትዬ አንድ የቀረ ወንበር ላይ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ የአንገት ሐብላቸው ግን እንደ ድሮው በቦታው ነው።

“እትዬ፣ ይሄ ሥዕል አይሂድ” አልኳቸው።

“ለምን? አንተን ግራጫ አልሰለቸህም? እኔስ በቅቶኛል።”

“ጀርባው ላይ ነገር አለ።”

“ጀርባውን አይተኸዋል እኮ።”

“አይቼዋለሁ እትዬ። የዋሸሁዎትም እሱን ነው።”

ቆሜ ነገርኳቸው። አከራይዋን፣ ስድስቱን ሸራ፣ የቆራረጥኳቸውን አምስቱን፣ ግራጫው ሣጥኔ ላይ መቀመጡን፣ ሁሉንም። አላቋረጡኝም። ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አልተንቀሳቀሰም።

“ክፈተው” አሉኝ።

አውርጄ ፊቱን ምንጣፉ ላይ ደፋሁት። ቢላዬን በካኪ ወረቀቱ ጠርዝ ሰደድኩ። አንድም ቦታ ሳይላቀቅ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ቆይቷል፤ በሕይወቴ እንደዚያ ጥሩ አድርጌ ያሸግኩት ነገር የለም። ተርትሬ ጣልኩትና ጀርባውን ወደ እሳቸው አዙሬ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩላቸው።

ጠረጴዛ ነው፤ ከሥሩ ሲታይ። ከላይ ጥቁር ቡናማ የጠረጴዛ ሆድ፣ ዙሪያውን የጠረጴዛ ልብስ እንደ መጋረጃ ወርዷል። ከዚያ በታች ጫማ ነው፤ የወንድ ጥቁር ጫማ፣ የሴት ባለ ተረከዝ፣ ሁሉም በሁለት በሦስት ብሩሽ ተሞነጫጭሮ የታለፈ። መሀል ላይ ግን አንድ አረንጓዴ ጫማ ብቻውን ተጋድሟል። እሱ መቆለፊያው ሳይቀር፣ የውስጥ ሶሉ መጨማደድ ሳይቀር፣ አንድም ሳይዘለል ተሥሏል። አጠገቡ ባዶ እግር አለ፤ ትንሿ ጣት ላይ ጫማው የነከሰው ቦታ ቀልቷል። በፊት ሳየው ጫማ ጫማ ነገር ብዬ ነበር ያለፍኩት።

እትዬ ወንበራቸውን ወደ ሥዕሉ አስጠጉ።

“የእኔ እግር ነው” አሉ። “አረንጓዴው ጫማ ይጠበኝ ነበር፤ ግን ቆንጆ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሌላ አላደርግም። ቁጭ እንዳልኩ ጠረጴዛው ሥር አወልቀዋለሁ። አባቷ እንኳን አያውቅም። እሷ የአራት ዓመት ልጅ ሆና እዚያ ሥር ትገባለች፤ የሰው እግር ገፍቶ እንዳይወስድብኝ ጫማዬን አቅፋ ትቀመጣለች። እንግዳ ሊነሣ ሲል መልሳ ታጠልቅልኛለች። አንድ ቀን ሰው ፊት ተዋርጄ አላውቅም።”

ያኔ ነው ያለቀሱት። ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው። እኔም ቢላዬን እንደያዝኩ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ማን ማንን ያባብላል።

ሲረጋጉ ዓይናቸውን ጠርገው “የጻፈችውስ?” አሉኝ። “ሳትጽፍ አትቀርም። ትንሽ ሆና ሥዕል ስትሰጠኝ ፊቱ ላይ ትጽፍብኝ ነበር። ‘ታበላሺዋለሽ፣ ከጀርባው ጻፊው’ ያልኳት እኔ ነኝ። የት አለ?”

ጽሑፉ ያለው ግራጫው በቀባበት በኩል ነው። ያንን ሁሉ ዓመት ቀና ባሉ ቁጥር ያዩት የነበረው ግራጫ ሥር። ይህንንም ነገርኳቸው።

“ፋቀው” አሉ።

“እትዬ፣ ይሄ እኮ ተሸጧል፤ የዚህ ዋጋ...”

“ፋቀው አልኩህ!”

እዚያው ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ጥጉን በቢላ ፋቅኩት። ግራጫው እየተላጠ ወረደ። ከሥሩ የእኔ ነጭ መጣ፤ ከነጩ ሥር ሸራው። ሙጫው እርሳሱን ጠጥቶት ኖሯል፤ ነጩ ሲነሣ አብሮ ተነሣ። የቀረው አመድ የመሰለ እድፍ ነው። በመነጽራቸውም፣ በመስኮቱ ብርሃንም፣ በጣታቸውም አዩት። የሚነበብ ነገር የለም።

“አንተ አንብበኸው ነበር?” አሉኝ።

አሥራ አንድ ዓመት የዋሸኋቸው ሰው ነኝ። ያን ቀን አንድ ደህና ውሸት ሲያስፈልግ ግን አጣሁ።

“አላነበብኩትም እትዬ። ጽሑፍ መሆኑን አይቻለሁ። ምን እንደሚል ግን አላነበብኩም። ሥራ ላይ ነበርኩ።”

ቀስ ብለው ተነሡ። ይሰድቡኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ነበር፤ ምናለ ባደረጉት። “የገዢውን ገንዘብ እመልሳለሁ። የእሷን ፊት ወደ ውጭ አድርገህ ወጥረህ አዲሱ ቤት ስቀልልኝ። አታሽገው” አሉ። “እና እሑድ እሑድ ትመጣለህ። ትዝ እስኪልህ ድረስ።”

የፈራሁት ሁሉ ደረሰ። ግራጫው ሰምቶ ሱቄ በር ላይ ቆሞ ያልሰደበኝ ስድብ የለም፤ እውነቱን ነው። ሠዓሊዎቹ ሸራ ከእኔ መግዛት ተዉ። ከደረሰ በኋላ ሳየው ግን ያን ያህልም አልነበረም፤ የፎቶና የምስክር ወረቀት ፍሬም እየሠራሁ እንደበፊቱ ኖርኩ። ይህን ፈርቼ ነው እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመት ዝም ያልኩት።

እሑድ እሑድ ሄድኩ። እትዬ በትንሿ ክፍል መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ሥዕሉን ያያሉ፤ ሠራተኛቸው ሻይ ታቀርብልናለች። ስለ ዋጋ ንረት እናወራለን፣ ስለ ባለቤቴ ወገብ እናወራለን፣ ስለ ጥርስ ሐኪሙ ሁለተኛ ጋብቻ እንስቃለን። ተነሥቼ ባርኔጣዬን ሳነሣ ግን ሁልጊዜ አንድ ናት፦ “ዛሬስ ትዝ አለህ?” እኔም “አላለኝም እትዬ” እላለሁ። “በል፣ ሳምንት” ይሉኛል። ሰባት ወር አንድም እሑድ አልዘለልንም። መንገድ ላይ እየሄድኩ ያን ጥግ ለማየት ዓይኔን እጨፍን ነበር። የማየው ብሩሼን ነው። ነጩ ሲያልፍበት ብቻ።

አንድ ቅዳሜ ሱቄ ውስጥ ሙጫ እያቀለጥኩ ሳለ ነገሩ መጣልኝ። ትዝ አለኝ ማለቴ አይደለም፤ ፈጠርኩት። “እማዬ፣ ጫማሽን እየጠበቅኩልሽ ነው።” ለባለቤቴ ነገርኳት። አሥራ አንድ ዓመት እውነቱን ንገር እያለች ያጨቀጨቀችኝ ሴት ምጣዷን አስቀመጠችና “ከዚህ ሌላ ምን ልትጽፍ ትችላለች? ንገራቸው” አለችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር።

በማግስቱ ስሄድ እትዬ አልጋ ላይ ነበሩ። አልጋው ሥዕሉን እንዲያይ ተደርጎ ዞሯል። መጋረጃውን ገለጥ አድርግልኝ አሉኝ፤ ገለጥኩ። እግሬን በረደኝ አሉ፤ ብርድ ልብሱን ወደ ታች ስቤ ሸፈንኩላቸው። ትንሿ ጣታቸው አሁንም ጎበጥ ያለች ናት። ብዙ አላወሩም። እኔ ያቺን ጥያቄ እጠብቃለሁ። ባርኔጣዬን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት፤ ደግሜ አነሣሁት። እሳቸው ሥዕሉን ያያሉ።

“በል ሂድ፣ ባለቤትህ ትጠብቅሃለች” አሉኝ።

በሩ ላይ ደርሼ ዞርኩ። “እትዬ” አልኩ።

“እ?”

ሳልጠየቅ ብናገረው እንደምዋሽ ያውቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ሳምንት ይጠይቁኛል ብዬም አሰብኩ።

“ምንም። ደህና ይዋሉ” አልኳቸው።

ረቡዕ ጠዋት አረፉ። ሥዕሉን ለእኔ ተዉልኝ። ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ፤ ጀርባውን አላሸግኩትም። ወደ ሱቁ የሚገባ ሰው ዋጋውን ይጠይቀኛል፤ አንዳንዱም ጫማው የማን ነው ይለኛል። ጀርባው ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር የሚጠይቀኝ ግን የለም።